ከተማችን ለአዲስ መናፈሻ የግዛቱን ገንዘብ ልትጠይቅ ነው፤ ስብሰባው ላይ መገኘታችን ዋጋ አለው ወይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በካሊፎርኒያ ነው። ከምንከራይበት አፓርታማ ማዶ ለዓመታት ታጥሮ የቆየ ባዶ መሬት አለ። የከተማው ምክር ቤት እዚያ ላይ የሕዝብ መናፈሻ ለመሥራት ከግዛቱ መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ እንደሚጠይቅ ወስኗል። አሁን ነዋሪዎች ለስብሰባ ተጠርተናል። ጎረቤቶቼ ‹ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የጠሩን፤ የሚፈልጉት ፊርማችንን ነው› ይላሉ። እውነት ነው? ገንዘቡስ መምጣቱ የተረጋገጠ ነው? መናፈሻው ከተሠራ በኋላስ ኪራያችን አይወደድብንም?»

ምላሽ፦ ይሂዱ። ጎረቤቶችዎንም ይዘው ይሂዱ። ሥራዬ ከተሞች ለመናፈሻ ገንዘብ የሚያቀርቡትን ማመልከቻ ማዘጋጀት ስለሆነ፣ በስብሰባ ላይ የተነገረ ቃል የት ድረስ እንደሚጓዝ አውቃለሁ። በካሊፎርኒያ ለአዳዲስ መናፈሻዎች ገንዘብ በሚሰጠው ትልቁ የግዛቱ ፕሮግራም፣ ነዋሪዎች የመረጡት ነገር በማመልከቻው ላይ ይሰፍራል። ገንዘቡ ከተፈቀደ ደግሞ ያው ዝርዝር ከተማው ከግዛቱ ጋር በሚፈርመው ውል ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ከተማው ብቻውን ተነሥቶ የሚሰርዘው ነገር አይሆንም። ጎረቤቶችዎ የሚሉት በእርግጥ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚለዩት ወደ ኋላ ላይ እነግርዎታለሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ፤ ብዙው ነገር ከዚያ ይቀዳልና። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ካሊፎርኒያ ለመናፈሻ የምትሰጠው ገንዘብ በአብዛኛው ከቦንድ ሽያጭ የሚገኝ ነው። ሕዝቡ በምርጫ ካርድ «ግዛቱ ይበደር» ብሎ ይፈቅዳል፤ ግዛቱ ቦንድ ሸጦ ገንዘቡን ያከፋፍላል፤ ዕዳውን ግብር ከፋዩ ለዓመታት ይከፍላል። በ2006 በጸደቀው ፕሮፖዚሽን 84 (ፕሮፖዚሽን ማለት ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርብ ሐሳብ ነው) መራጮች 5.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀዱ። በ2008 መናፈሻ በሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ ሰፈሮች ላይ ያተኮረ የመናፈሻ ልማት ሕግ ወጣ፤ ከላይ ያልኩት ትልቅ ፕሮግራም የተመሠረተው በዚህ ሕግ ነው፤ የመጀመሪያ ዙሮቹም በፕሮፖዚሽን 84 ገንዘብ ተካሄዱ። በሰኔ 2018 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 68 ደግሞ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፣ ከዚህ ውስጥ 650 ሚሊዮን ገደማ ለዚሁ ፕሮግራም ተመደበ። በኅዳር 2024 መራጮች ሌላ የ10 ቢሊዮን ዶላር የአየር ንብረት ቦንድ፣ ፕሮፖዚሽን 4ን አጽድቀዋል፤ በውስጡ ለመናፈሻዎች የተያዘ ድርሻ አለ።

እንግዲህ ገንዘቡ እንደ ዓመታዊ በጀት በየዓመቱ የሚመጣ አይደለም። ቦንድ ሲጸድቅ ዙር ይከፈታል፣ መመሪያ ይወጣል፣ ማመልከቻ ይቀርባል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ዙር ዝም ይላል። ነዋሪው «ቃል ገብተውልን ጠፉ» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ መሀል ነው። ስለዚህ በስብሰባው ላይ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «የምታመለክቱት ለየትኛው ፕሮግራም፣ ለየትኛው ዙር ነው? የማመልከቻው ማብቂያ ቀን መቼ ነው?» የሚል ይሁን። በርዕሱ ላይ የሠራ ባለሙያ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። ካልመለሰ፣ ጉዳዩ ገና ከሐሳብ አላለፈም ማለት ነው።

መምጣቱ የተረጋገጠ ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም። ምክር ቤቱ ያጸደቀው የማመልከት ውሳኔን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ላም አለኝ በሰማይ ነው። በ2020 መጀመሪያ ውጤቱ በተነገረው የፕሮግራሙ ሦስተኛ ዙር 478 ማመልከቻዎች ቀርበው የተመረጡት 62 ብቻ ነበሩ፤ ከስምንት አንድ ገደማ። የተጠየቀው ከ2.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን የተሰጠው 255 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ2021 መጨረሻ በተነገረው አራተኛ ዙር ገንዘቡ ወደ 548 ሚሊዮን ከፍ ስላለ ከ468 ማመልከቻዎች 112 አለፉ፤ ከአራት አንድ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ይህ ሁሉ የሚነግረን፣ ጥሩ ማመልከቻ ያቀረበ ከተማም ሊወድቅ እንደሚችል ነው። ምክር ቤቱ «ገንዘቡ በእጃችን ነው» ብሎ ከተናገረ አይመኑት። «እንሞክራለን፣ ባይሳካ ደግሞ እንዲህ እናደርጋለን» የሚል ምክር ቤት ግን በቁም ነገር የተነሣ ነው።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ ግዛቱ የሚያድለው ገንዘብ የፌዴራል መንግሥቱ ነው። በ1964 ሕግ የተቋቋመው የመሬትና ውኃ ጥበቃ ፈንድ ከባሕር ውስጥ ነዳጅና ጋዝ ከሚገኝ ገቢ ይሞላል፤ በ2020 በወጣ ሕግ በየዓመቱ 900 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት እንዲያገኝ ተደርጓል። ከዚያ ለግዛቶች የሚደርሰው ክፍል ለከተሞችም ይታደላል። የዚህ ፈንድ ጠባይ ሌላ ነው፤ ከተማው ከወጪው ቢያንስ ግማሹን ከሌላ ምንጭ መሸፈን አለበት፤ በገንዘቡ የለማው መሬትም ለዘለቄታው ለሕዝብ መዝናኛነት ይታሰራል። የግዛቱ ፕሮግራም ግን በፕሮፖዚሽን 68 ዙሮች ከከተማው መዋጮ አልጠየቀም፤ ለአንድ መናፈሻ የሚጠየቀው ከ200 ሺህ እስከ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ደሃ ሰፈር ያላቸው ትናንሽ ከተሞች ይህን ፕሮግራም የሚሻሙት ለዚህ ነው። በአዲስ ዙር አሃዞቹ ሊለወጡ ስለሚችሉ በወቅቱ መመሪያ ላይ ይመልከቷቸው።

በግዛቱ ፕሮግራም ማመልከቻዎቹን የሚመዝኑት ዳኞች ምን ያያሉ? ከሥዕሉ ውበት በፊት የሚያዩት ክብ ነው። መናፈሻው በሚሠራበት ቦታ ዙሪያ የግማሽ ማይል ክብ ይሠመርና በውስጡ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ስንት ኤከር (አንዱ 0.4 ሄክታር ገደማ ነው) መናፈሻ እንዳለ፣ የቤተሰቡ መካከለኛ ገቢ ስንት እንደሆነ፣ ከድህነት ወለል በታች ያለው ሰው ስንት እንደሆነ ይቆጠራል። ለ1,000 ነዋሪ ከ3 ኤከር በታች መናፈሻ ያለው ሰፈር በሕጉ እንደ ተቸገረ ይቆጠራል። ለምሳሌ በክቡ ውስጥ 10,000 ሰው ቢኖርና ያለው መናፈሻ ሁሉ ተደምሮ 6 ኤከር ቢሆን፣ ለ1,000 ሰው የሚደርሰው 0.6 ኤከር ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር ጠንካራ ነጥብ ይዞ ይነሣል። ግዛቱ ይህን ስሌት በነጻ የሚሠራ ካርታ በድረ ገጽ ላይ አስቀምጧል፤ አድራሻ አስገብቶ ማንም ሰው ያየዋል። እርስዎም ከስብሰባው በፊት ይዩት። ሰፈርዎ ያለበትን ሁኔታ በቁጥር ይዞ የሚናገር ነዋሪ ስብሰባውን በአንድ ደቂቃ ያስተካክለዋል።

እነዚህ ቁጥሮች የተሰጡ ናቸው፤ ከተማው በጽሑፍ ጥበብ አይለውጣቸውም። በሰው እጅ ከሚሠሩት መመዘኛዎች ከባዱ የነዋሪዎች ተሳትፎ ነው፤ እርስዎን የጠሩዎትም ለዚህ ነው። በፕሮፖዚሽን 68 ዙሮች መመሪያው ሙሉ ነጥብ ለሚፈልግ ከተማ ቢያንስ አምስት ስብሰባ በዚያው ሰፈር ውስጥ እንዲደረግ፣ ከእነዚህም የተወሰኑት ሠራተኛ ሰው ሊመጣ በሚችልበት ምሽት ወይም ቅዳሜና እሑድ እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር። ነዋሪዎቹ ደግሞ ሦስት ነገር እንዲመርጡ ይፈለጋል፤ በመናፈሻው ውስጥ ምን ይሠራ፣ የተመረጠው ነገር በመሬቱ ላይ የቱ ጋ ይቀመጥ፣ ለደህንነትና ለውበት ምን ይጨመር። ማመልከቻው ላይ ስንት ሰው እንደመጣ፣ በምን መንገድ እንደተጠራ፣ ምን እንደ መረጠና ምርጫው በፕላኑ ላይ የት እንደሚታይ መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ጎረቤቶችዎ ጥርጣሬ ልመለስ። በመጀመሪያው ስብሰባ ግድግዳው ላይ ያለቀለት፣ ቀለም የተቀባ፣ ዛፉ ሳይቀር የተተከለበት ሥዕል ተሰቅሎ ካገኙና «ወደዳችሁት?» ብቻ ከተባሉ ጎረቤቶችዎ እውነታቸውን ነው። ጤናማው ስብሰባ እንዲህ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የመሬቱ ባዶ ካርታ ይዘረጋል። በካርታው መጠን ልክ ተመጥነው የተቆረጡ ወረቀቶች ይሰጣሉ፤ አንዱ የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ አንዱ የልጆች መጫወቻ፣ አንዱ መፀዳጃ ቤት፣ አንዱ ጥላ። ሰዎች ወረቀቶቹን በካርታው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ያነሣሉ፣ ይከራከራሉ፤ መሬቱ ሁሉን እንደማይችል የሚገባቸው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ ድምፅ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ በሁሉ ፊት ይነበባል፣ ይመዘገባል። በዚህ መንገድ የተሠራ ስብሰባ ውስጥ የአንዲት እናት ሐሳብ የምክር ቤት አባሉን ምርጫ ሲያሸንፍ ማየት የተለመደ ነው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሲናገሩ ግን ዘርዝረው ይናገሩ። «ለልጆች መጫወቻ ይሠራልን» ሲሉ የሚመዘገበው ያው አጠቃላይ ቃል ነው። የመጫወቻ ዕቃዎች የሚሠሩት ከ2 እስከ 5 እና ከ5 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች ተለይተው ነው። በአፓርታማችሁ ሕፃናት የሚበዙ ከሆነ ለታናናሾቹ የተለየ ስፍራ፣ ከመኪና መንገዱ የራቀ፣ አጥር ያለው፣ ወላጅ ተቀምጦ የሚያይበት ጥላ ያለው ይሁን ብለው ይናገሩ። በካሊፎርኒያ የበጋ ፀሐይ ጥላ የሌለው ሸርተቴ ከቀትር በኋላ የሚነካ አይደለም፤ ሥዕል ላይ ግን ያው ያምራል። ሽማግሌዎች ካሉ መደገፊያና የእጅ ማረፊያ ያለው ወንበር፣ የማያደናቅፍ ለስላሳ የእግር መንገድ ይጠይቁላቸው። ሴቶች ማታ የሚያልፉበት ከሆነ መብራቱ የት እንደሚቆም፣ ዛፎቹ እይታን እንዳይጋርዱ ይናገሩ። መፀዳጃ ቤት ከፈለጋችሁ ደግሞ ብዙ ሆናችሁ ጠይቁ፤ ለመሥራትም ለማጽዳትም ውድ ስለሆነ ከተሞች በቅድሚያ የሚቆርጡት እሱን ነው፤ መፀዳጃ የሌለው መናፈሻ ደግሞ ከልጅ ጋር የሚቀመጡበት አይሆንም።

ቋንቋም አይያዝዎት። በአማርኛ የሚናገሩ ብዙ ሆናችሁ የምትመጡ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲዘጋጅ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ለከተማውም ጥቅም ነው፤ ከሰፈሩ ሕዝብ ማን ማን እንደተሳተፈ ማሳየት ማመልከቻውን ያጠነክራል። የመገኘት ወረቀቱ ላይ መፈረምም አያስፈራዎት፤ ፊርማው መገኘትዎን እንጂ መስማማትዎን አይገልጽም።

ገንዘቡ ከተፈቀደ ምን ይሆናል? ግዛቱ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆጥሮ ለከተማው አያስረክብም። በአብዛኛው ከተማው ይሠራል፣ ደረሰኝ ያቀርባል፣ ይከፈለዋል፤ ከገንዘቡም የተወሰነው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ተይዞ ይቆያል። በውሉ ላይ የሰፈሩት ሁሉ፣ ሜዳውም መጫወቻውም መብራቱም፣ መሠራታቸው ሳይረጋገጥ መዝገቡ አይዘጋም። በፕሮፖዚሽን 68 ዙሮች ለዕቅድና ለንድፍ የሚውለው ከጠቅላላው 25 በመቶ እንዳያልፍም ተወስኖ ነበር፤ ገንዘቡ በወረቀት ሥራ እንዳያልቅ ነው። ችግሩ ዋጋ ነው። ማመልከቻው ሲጻፍ የተገመተው ወጪ ጨረታ ሲወጣ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ የግዛቱ ገንዘብ ግን በዚያው መጠን ይቆማል። ልዩነቱን የሚከፍለው ከተማው ነው። ስለዚህ «ጨረታው ከግምታችሁ በላይ ቢመጣ ገንዘቡን ከየት ታመጣላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። አዳዲስ ቤት የሚሠሩ ኩባንያዎች ለመናፈሻ የሚከፍሉት ክፍያ በከተማው ሒሳብ ውስጥ ካለ፣ መልሱ ያ ሊሆን ይችላል።

መሬቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ የማን ነው? በፕሮፖዚሽን 68 ዙሮች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚጠይቅ ከተማ፣ መሬቱ ቢያንስ ለ30 ዓመት በመናፈሻነት እንደሚቆይ የሚያረጋግጥ ይዞታ ያስፈልገው ነበር። መሬቱ የግል ከሆነ ግዢው ራሱ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከመታጠሩ በፊት ምን ነበረበት? የነዳጅ ማደያ፣ የልብስ ማጽጃ ወይም ጋራዥ ከነበረ አፈሩ ሳይመረመር ልጅ የሚንከባለልበት መሆን የለበትም። «የመጀመሪያ ደረጃ የአካባቢ ምርመራ ተደርጓል ወይ? ሪፖርቱን ማየት እንችላለን?» ይበሉ። ከዚህ ሌላ በ1970 የወጣው የካሊፎርኒያ የአካባቢ ጥራት ሕግ ጥናት ሊጠይቅ ይችላል፤ ከጠየቀ ጥናቱ ሳይጠናቀቅ ሥራ አይጀመርም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በስብሰባ ላይ ማንም የማያነሣው ጥገናው ነው። የግዛቱ ድጋፍ መሥሪያ ገንዘብ ነው፤ ሣር ማጠጫ፣ ቆሻሻ ማንሻ፣ የተሰበረ ዥዋዥዌ መቀየሪያ አይሰጥም። ከተማው የሚፈርመው ውል ለአሥርተ ዓመታት በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ያስገድደዋል፤ የጥገናው ደረጃ ግን በየዓመቱ በጀት ላይ የተመሠረተ ነው። ሪባን በተቆረጠበት ዓመት የሚያበራ መናፈሻ፣ ቧንቧው ተሰብሮ፣ ሣሩ ቢጫ ሆኖ፣ መፀዳጃው በሰንሰለት ተቆልፎ ሲታይ የሚጎዳው ያው ለማመልከቻው ሲባል ድህነቱ የተቆጠረበት ሰፈር ነው። ይህ ይቆጨኛል። አስቀድሞ ያሰበ አካባቢ መፍትሔ አያጣም። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ መራጮች በኅዳር 2016 ሜዠር ኤ የተባለውን ውሳኔ አጽድቀው፣ በሕንፃ ስኩዌር ጫማ 1.5 ሳንቲም ዓመታዊ ግብር ለመናፈሻ እንዲውል አድርገዋል፤ ከዚህ ገቢ የተወሰነው ለጥገና የተለየ ነው። የእናንተ ምክር ቤት ደግሞ ለዚህ መናፈሻ በዓመት ስንት ዶላርና ስንት ሠራተኛ እንደሚመድብ አሁኑኑ በጽሑፍ ያስቀምጥ።

ኪራዩን በሚመለከት ሥጋትዎ ትክክለኛ ነው፤ ማንም «አይመለከትህም» ብሎ እንዲያልፍዎት አይፍቀዱ። ጥሩ መናፈሻ የአካባቢውን የቤት ዋጋ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ባለንብረቱ ሲያተርፍ ተከራዩ ይከፍላል። በዋሽንግተን ዲሲ የ11ኛው ጎዳና ድልድይ መናፈሻን ያቀዱ ሰዎች ይህን ስለተረዱ፣ ግንባታው ሳይጀመር ገና በ2015 ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ሥራና ስለ ትናንሽ ንግዶች የተለየ ዕቅድ አወጡ። የእናንተም ከተማ ተመሳሳይ ጥያቄ ይመልስ። በካሊፎርኒያ ደግሞ በ2019 የወጣው የተከራዮች ጥበቃ ሕግ እስከ 2030 መግቢያ ድረስ በሚሸፍናቸው ቤቶች ላይ ዓመታዊ ጭማሪው ከ5 በመቶና ከዋጋ ግሽበት ድምር እንዳይበልጥ፣ ቢበዛ ግን ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይገድባል። ከተሠሩ 15 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎችንና አብዛኞቹን ለብቻ የቆሙ ቤቶች ግን አይሸፍንም። ስለዚህ አፓርታማችሁ መቼ እንደተሠራ ይጠይቁ። አንድ ዓመት የኖረ ተከራይንም ባለቤቱ ያለ በቂ ምክንያት እንዳያስወጣው ይኸው ሕግ ይከለክላል። ከተማችሁ ከዚህ የጠበቀ የራሱ ደንብ ካለው፣ ያ ይሠራል።

የምክር ቤቱን ስብሰባ ለመከታተል የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም። በ1953 የወጣው የብራውን ሕግ መደበኛ ስብሰባ ሲኖር አጀንዳው ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት እንዲለጠፍና ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ ያዛል። ማመልከቻው ከገባ በኋላም ቅጂውን በሕዝብ መዝገብ ሕግ መሠረት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከተማው በ10 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሲያገኙ የነዋሪዎች ተሳትፎ የሚለውን ክፍል ያውጡና በስብሰባው ከተቆጠረው ድምፅ ጋር ያስተያዩት። የጎደለ ካለ የማመልከቻው ቀን ሳያልፍ ይናገሩ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚጨመር ነገር የለምና ረቂቁን ቀደም ብለው ማየት ከቻሉ ደግሞ የተሻለ ነው። ከተማው በዚህ ዙር ካልተመረጠ፣ በሚቀጥለው ዙር ስብሰባዎቹ እንደገና ሊቆጠሩ የሚችሉት መመሪያው በሚወስነው ጊዜ ውስጥ ከተደረጉ ነው። ስለዚህ የተገኙትን ሰዎች ስልክ እናንተው ዘንድ አስቀምጡ፤ ዳግም ለመጥራት ከከተማው በፊት እናንተ ዝግጁ ትሆናላችሁ።